የወረቀት ሰርግ በጀሪፍ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ደውሎ ሰርጉ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር መሆኑን ነገረኝ። «አጎቴ፣ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ነው እሺ? ሁላችሁም አንድ ዓይነት እንድትሆኑ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንገቴን አሳከከኝ። ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቆዳ ግን አይረሳም።

ያን ጊዜ ካርቱም ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ከመኮንን ጋር ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠረፉን በእግር የተሻገርነው አብረን ነው፤ ወባ ሲጥለኝ ተሸክሞ ያሻገረኝ እሱ ነው። እኔ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ እሱ ግንበኛ ነበር። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ እወድ ነበር፤ ጀብራ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ልጆች ታሳድጋለች። አርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ሦስታችን ዓባይ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ከአንድ ሳህን ፉል እንበላለን። የሰሊጥ ዘይቱን የምታፈሰው እሷ ነበረች፤ ሁልጊዜም ታበዛዋለች።

በጥምቀት ሰሞን የመኮንን የካናዳ ጉዳይ አለቀለት። አንድ አርብ ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላ እንዲህ አለኝ።

«ሚስት ያለው ሰው ሚስቱን ይዞ መሄድ ይችላል። ጥሩ በእኔ ስም ትውጣ። ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ስንደርስ እንፋታና አንተን ታስመጣሃለች።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «ካልፈለግህ ይቅር» አለች፣ ወንዙን እያየች።

እንዴት አልፈልግም! ተነስቼ መኮንንን አቀፍኩት።

ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። የካርቱምን ግንቦት የኖረበት ያውቀዋል፤ ገና በጠዋቱ የበሩ ብረት እጅ ይልጣል። መኮንን ግን ሙሉ ልብስ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። «ፎቶውን ኤምባሲ ያዩታል። ሚዜዬ አንተ ነህ፤ በሸሚዝ ከቆምክ ይነቁብናል።» ከሱቅ ዐረቢ ሰልባጅ ተራ፣ ለአውሮፓ ክረምት የተሰፋ ጥቁር የሱፍ ልብስ ከነሰደርያው ገዛሁ። የሰርጉ ዕለት ለብሼ ስወጣ አከራያችን ሀጅ ዑስማን በስስ ነጭ ጀላቢያቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። «ያ ዞል! አንተ ሰውዬ፣ ምድጃ ለብሰህ ወዴት ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ድግሱ ወንዙ ዳር፣ የማንጎ ዛፍ የሞላበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ ለወረቀት ሰርግ አሥር ሰው ይበቃል ብዬ ነበር። ግቢው ግን ጢም ብሏል። የጥሩወርቅ አክስትና ባለቤታቸው አቶ በየነ ከገዳሪፍ መጥተዋል። የጥሩወርቅ እጅ እንደ እውነተኛ ሙሽራ እስከ ክርኗ ድረስ ሂና ተስሎበታል። «ለፎቶው ነው» አልኩ ለራሴ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ከእሳት ላይ እንደወረደ እንፋሎት ፊቴን ይገርፈኛል፤ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል።

አቶ በየነ የከርከዴ መጠጥ ብርጭቋቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወንድሙ አንተ ነህ?» አሉኝ። «በመስቀል ሽማግሌ ሲልክብን፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ነው ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ወንድም አለኝ፣ ሚዜዬም እሱ ነው አለን።»

«በመስቀል?»

«አዎ፣ ገዳሪፍ ድረስ እኮ ነው የላከው። ጥሩም ራሷ መጥታ እወደዋለሁ ስትለን፣ ምን እንላለን? መረቅን።»

የወረቀቱን ነገር ለእኔ የነገሩኝ በጥምቀት ነው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት አራት ወር ሊሆን ነው። በእነዚያ አርቦች ሁሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ብርድ ብርድ አለኝ።

ለፎቶ ሲያቆሙን ከጥሩወርቅ ጎን ደረሰኝ። «እውነት ነው?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ምን እንደጠየቅኋት ገብቷታል። «ልንገርህ ስል ታሳዝነኛለህ» አለች። «መኮንን ደግሞ፣ ከነገርነው ሚዜ አይሆነኝም፣ ያለ እሱ አላገባም አለ።»

ፎቶ አንሺው «ያላ፣ ሳቁ!» አለ። ሳቅኩ።

ኮቴን አውልቄ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ቀለበቱን አቀበልኩ፣ ጨፈርኩ፣ አክስትየውን ጉልበታቸውን ስሜ ተመረቅሁ። መኮንን ሲያቅፈኝ አለቀሰ፤ እውነተኛ እንባ ነበር። በማግስቱ ዕቃዬን ጠቅልዬ ከክፍላችን ወጣሁ። እነሱ በሐምሌ ሄዱ።

ብዙ ወጣት ወንድ፣ የሚወዳት ልጅ ሌላ ትመርጥበታለች፤ እሱ ያልፋል፤ ለእኔም አለፈ። እዚያው ካርቱም አግብቼ ወለድኩ፤ የአሁኑ የሱዳን ጦርነት እስኪያስወጣን ድረስም ኖርንበት። ያላለፈው ሌላ ነው። ሰው ደግ ሲሆንልኝ ከጀርባው ምን እንዳለ መፈለግ ለመደብኝ። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻይ ስታቀርብልኝ እንኳ «ምን ፈልጋ ይሆን?» እል ነበር። ያላጠፋችውን ስትከፍል ኖረች። ይህን የነገርኳት ገና ዘንድሮ ነው። «ምነው ያኔ በነገርከኝ» አለችኝ።