ግራ እጃቸውን ያወጡ ልጆች

ያን ጠዋት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ያደራጃቸው ሰው ሊረዳኝ ነበር ወይስ ሊጥለኝ? አገላብጬ አየሁት፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም። ደግ የሠራልኝን ሰው እንኳ የምጠረጥር ሴት ነኝ፤ እናቴም ይህንኑ ትለኛለች። ቢሆንም የዚያን ቀኑ ጥርጣሬ ከአመሌ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው፤ ወገዳ ከተማ፣ በማታው ክፍል። አጠገቤ የሚቀመጡት ባለ ሱቅ፣ የጤና ጣቢያ ዘበኛና ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ሰው ነበሩ። እጅ የሚያወጣ አልነበረም፤ ያወቀ ይናገራል፣ ያላወቀ ያዛጋል። እኔ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር እውል ስለነበር ሳላቋርጥ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ንፋስ መውጫ ያለ፣ ለመምህርነት የሚያሠለጥን ኮሌጅ ሲቀበለኝ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ሞፈር እየጠረበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

“እታለም፣ አንድ ዓመት ልስጥሽ” አለኝ። “እናታችን ዓይኗ ደክሟል። ዓመቱን እኛ እንይዛታለን። ከወደቅሽ ግን ተመልሰሽ አንቺ ትይዣታለሽ፤ ድገሚ የሚሉሽን አልሰማም።”

ሰው ዓመት ቆርጦ የሚሰጠው ያልፋል ብሎ ለሚያምነው ነው ወይስ እንደሚወድቅ ለተማመነበት? አልጠየቅኩትም። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞችን ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቤት ይልካል። የክፍሉን መምህርት እያየን እንሰነብትና በመጨረሻ ከኮሌጁ በሚመጣ ተቆጣጣሪ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን። በዚያች ክፍለ ጊዜ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። የእኔ ዓመት ደግሞ የሚደገም አልነበረም።

የደረሰኝ ትምህርት ቤት ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ብዙ አይርቅም። ከልጆቹ ብዙዎቹ የካህናት ልጆች ናቸው፤ እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የኔታ ዘንድ ቆጥረው የሚመጡም ነበሩ። ጠመኔ ሲያቀብሉኝ ቀኛቸውን ዘርግተው ክርናቸውን በግራቸው ይደግፋሉ። ለታላቅ ሰው ግራውን የሚዘረጋ ልጅ እዚያ አላየሁም።

የክፍሉ መምህርት ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ሳይነሣ ክፍል ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

“አንቺ፣ የመጣሽው ሥራ ልትጀምሪ ነው ወይስ ጡረታ ልታስከብሪ?” አሉኝ።

ሌሎቹ መምህራን ሳቁ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። በማታው ክፍል መማሬንም የዚያኑ ዕለት ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የሚሉኝን ሁሉ ቤቴ ይዤ እየገባሁ አብጠረጥረው ጀመር። “ጽሕፈትሽ ያምራል” ሲሉኝ፣ ሌላው አያምርም ማለታቸው ነው እላለሁ። ሻይ ሲጋብዙኝ ምን ፈልገው ይሆን እያልኩ እጠጣለሁ።

ተቆጣጣሪው በሚመጡበት ዋዜማ መምህርቷ፣ “እስቲ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠመኔ አምጪልኝ” አሉኝ። ጠመኔ ነበረን። ሆኖም ሄድኩ። ስመለስ በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የልጆች ሳቅ ይሰማል። ስከፍተው ሁሉም ዝም አሉ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ መዳፎቿን ዘርግታ ተራ በተራ ታያለች።

“ምን ሆነው ነው?” አልኩ።

“ልጅ ምን ይሆናል፤ ይስቃል” አሉኝ። “አይዞሽ፣ ነገ አያዋርዱሽም።”

ያቺ “አይዞሽ” ከቀልዳቸው ሁሉ ይበልጥ አስፈራችኝ።

በማግሥቱ የማስተምረው መቀነስ ነበር። ጭራሮ አሥር አሥሩን በክር አስሬ፣ ጥቂት ነጠላ ጨምሬ ይዤ ገባሁ። ተቆጣጣሪው ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ መምህርቷ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፌ ዞር ስል ክፍሉ በሙሉ እጅ አውጥቷል። የቀረ የለም። ደስ አለኝ። አንዱን ጠራሁ፤ ተነሥቶ ጣሪያውን አየ። መዳፎቿን ስታይ የነበረችውን ልጅ ጠራሁ፤ ተነሥታ እግሯን አየች። ሌላ ጠራሁ፤ እሱ ጭራሽ መምህርቷን አየ። የተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

መምህርቷ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። ምልክት ይሁን ልማድ እንጃ።

እጆቹን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ገሚሱ ቀኝ፣ ገሚሱ ግራ። ጠመኔ እንኳ በግራው የማይሰጥ ልጅ በእንግዳ ፊት ግራውን ሰቅሏል፤ ትልቅ ሰው ካላዘዘው ይህን አያደርግም። ቀኙን ያወጣ ጠርቼ ሞከርኩ፤ መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበለው። ግራውን ያወጣ ጠራሁ፤ ዝም።

ገባኝ። ለተቆጣጣሪው ክፍሉ በሙሉ ያወቀ እንዲመስል፣ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን እንዲያወጣ ተነግሮታል። ከዚያ በኋላ ቀኝ ቀኙን እየጠራሁ በሰላም መጨረስ እችል ነበር። ነገር ግን ሚስጥሩን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። ቀኙን ብጠራና ቆይቶ ለተቆጣጣሪው “በማታለሉ አብራ ነች” ቢልብኝስ? ደግሞም ትምህርቱ የሚያስፈልጋቸው ግራቸውን ያወጡት ነበሩ።

“ሁላችሁም እጃችሁን አውርዱ” አልኩ። እግሯን ስታይ የነበረችውን ልጅ ወደ ፊት ጠርቼ ጭራሮውን አስያዝኳት።

“ስምንት ስጪኝ።”

“ነጠላው አይበቃም” አለች፣ በቀስታ።

“እና?”

“እስሩን ልፍታው?”

“ፍቺው።”

ፈታችው። ከዚያ ሁሉም ልፍታ ልፍታ ብሎ ከበበኝ። ደወሉ ሲደወል ካቀድኩት ግማሹን አላደረስኩም።

ተቆጣጣሪው ደጅ ወስደውኝ፣ “እጃቸውን ለምን አስወረድሻቸው?” አሉኝ።

“ክንዳቸው ደክሞ ነበር” አልኳቸው። ምስክር በሌለበት የሰው ስም አላነሣም።

ወረቀታቸውን ገለጡ። “ዕቅድሽን አልጨረስሽም፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ” አሉና፣ ፈርመው “አልፈሻል” አሉኝ። ምን እንዳዩና ምን እንዳላዩ አልነገሩኝም።

ጭራሮዬን ስሰበስብ መምህርቷ መጡ። “ዓይን የለሽም እንዴ?” ብለውኝ ወጡ። በቃ ይኸው ነው። ሊረዱኝ ከነበረ አስቀድመው አይነግሩኝም ነበር? ሊጥሉኝ ከነበረስ ጉልበታቸውን ለምን መቱ? ስሰናበታቸው አቅፈው ሳሙኝ። እሱንም አልተረዳሁትም።

በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ቤታችን፣ ወደ ሲማዳ ወረድኩ። ወንድሜ አውድማ ላይ ጤፍ ያዘራ ነበር። ነፋሱ ቆሞበት፣ መንሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኩት። ስጨርስ እስኪያስለው ሳቀ።

“አታውቂውም ነበር እንዴ?”

“ምኑን?”

“የቀኝና የግራውን ነዋ። እኛ ተማሪ ሳለን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር እንዲያ ነበር። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እኔማ ቀኜን ያወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።”

“የት ልወቀው፣ ወንድምዓለም? አንተ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ጥጃ ስጠብቅ እውል ነበር።”

ሳቁን ተወው። ገለባ አንሥቶ ይቆራርጥ ጀመር።

“እንግዲያ ሴትዮዋም የምታውቂ መስሏቸው ይሆናላ” አለኝ።

“በማታው ክፍል መማሬን ነግሬያቸዋለሁ።”

“እና አሁንም ትጠረጥሪያቸዋለሽ?”

“አዎ።”

“እኔንስ? ዓመት ስሰጥሽ እንድትወድቂ የፈለግሁ መስሎሻል?”

“መስሎኛል” አልኩት።

ነፋሱ መጣ። ተነሥቶ መንሹን አነሣና ያዘራ ጀመር። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ “የሚመጣውንም ዓመት እናታችንን እኛው እንይዛታለን” አለኝ።

ያን ጊዜ ዓመት ሲሰጠኝ እንድወድቅ ፈልጎ ይሁን አይሁን ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።