በድንኳን ውስጥ የመዘንነው ሆስፒታል

ሰኞ ማለዳ፣ ጉለሌ

ሻንጣዬን ይዤ የቁስቋምን ቁልቁለት ስወርድ ጉሙ ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች ላይ ገና አልተነሣም ነበር። ሾፌራችን ጋሽ ወርቁ ጳውሎስ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች ፊት መኪናውን አቁመው ይጠብቁኛል። "ሲስተር ትርሲት፣ ጉዞው ለነገ ተላለፈ እንዴ?" አሉኝ ገና በሩን ስከፍት። በጧት የሚያሽሟጥጥ ሰው አልወድም፤ እሳቸውን ግን እወዳቸዋለሁ።

ጉዞው ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። እኔ እዚሁ ጉለሌ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በጎጃም መንገድ መኪና ሲገለበጥ ቁስለኛው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላከ መጨረሻ ላይ እኛ በር ላይ ይደርሳል። ያኔ ብዙ ጊዜ መሽቶበታል። እጁን ስይዘው የቀዘቀዘብኝ ስንቱ ነው! አሁን መንገዱ የሚያልፍበት ክልል ሥርዓት እየዘረጋ ነው፤ የትኛው ሆስፒታል የቱን ቁስለኛ እንደሚቀበል፣ አምቡላንስ የት እንደሚቆም፣ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ የሚወስን ሥርዓት። ሆስፒታሎቹን የሚመዝነው ቡድን ውስጥ ግቢ ስባል ሁለቴ አላሰብኩም። መሪያችን ዶክተር ታምራት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቀዶ ሕክምና ክፍል የጨረሱ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚሰሙ ሰው።

የምንሄደው ከአባይ በረሃ ማዶ ወዳለች ከተማ ነው። ስሟን ልተወው። ሆስፒታሏ ምዘናውን ካለፈ የአደጋ ሕክምና ማዕከል ይሆናል፤ ሁለተኛ የቀዶ ሕክምና ቡድንም ይመደብለታል። ከወደቀ ግን ቡድኑ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የዚያ አገር ቁስለኛም እንደ ድሮው በረሃውን ወርዶ፣ በረሃውን ወጥቶ እኛ ዘንድ ድረስ ይንከራተታል።

ፍቼ፣ ከዚያም በረሃው

ፍቼ ላይ ፍርፍር በላን። ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ሃያ ብር ሲባል ጋሽ ወርቁ ሹካቸውን አስቀመጡ። "በዚህ ብር እኔ በግ ገዝቼ አውቃለሁ" አሉ። ዶክተር ታምራት ከፈሉ።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ሹራብ አወለቅን፤ መስኮት ከፈትን። ዝንጀሮዎቹ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው መኪና ይቆጥራሉ። ገደሉ ሥር የአንድ ከባድ መኪና ሬሳ ዝጎ ተኝቷል። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎሚስታ ቤት አየሁ። ከጎማዎቹ መሃል ግድግዳው ላይ ቃሬዛ ተሰቅሏል።

"ምን ሊሸከሙበት ነው ጎሚስታ ቤት?" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ አማተቡ። "እዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።"

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማዋ

የሚጠብቁን ማክሰኞ ጧት ነበር። ቀድመን እንድረስባቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለእንግዳ የተወለወለ ሆስፒታል ማየት ሰልችቶኛል። እንዳልኩትም ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሲያየን ደነገጠ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኢዮብና የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አይናለም የሉም፤ ተረኞቹ ብቻ ናቸው ያሉት።

"የት ሄደው ነው?"

"ለቅሶ።"

ደሜ ፈላ። "በሥራ ሰዓት? ኃላፊዎቹ ሁለቱም?"

"ቅዳሜ በመኪና አደጋ የሞተ ልጅ ነው። ያረፈው እዚሁ እኛ ጋ ነው። እነሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቀሩም።"

ወረቀቴን አውጥቼ "ኃላፊዎች በቦታቸው አልተገኙም" ብዬ ልጽፍ ስል ዶክተር ታምራት ክንዴን ነካ አደረጉኝ። "ለቅሶ የደረሰ ሰው አይከሰስም። እኛም ደርሰን እንምጣ" አሉ።

ድንኳኑ ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃው አፋፍ ላይ ባለ መንደር ነው የተተከለው። እግዜር ያጽናችሁ ብለን ተቀመጥን፤ ንፍሮ በእፍኛችን ተሰጠን። ሲስተር አይናለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ዶክተር ኢዮብ ቁመቱ አግዳሚውን የሚያሳጥር ወጣት ነው፤ ከሟቹ አጎት ከአባባ ሞላ ጎን ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃል።

"ከመኪናው ያወጡት እርስዎ ነበሩ አባባ?"

"እኔና የሰፈሩ ሰው ነን። ልጁኮ ያናግረን ነበር። 'ጎኔን፣ ጎኔን' ይላል። እንዳይታፈን ብለን ደገፍ አድርገን አስቀመጥነው፤ ባጃጅ ሲመጣ እጥፍ አድርገን ጫንነው። ምን እናውቃለን ልጄ?"

"ሰው ለማዳን ነው የሮጣችሁት። ቃሬዛውስ?"

"እሱን ለጎሚስታው ነው የሰጣችሁት። የኛ መንደር ከላይ ነው፤ ማን ወርዶ ያምጣው?"

ሲስተር አይናለም ከወዲያ ማዶ ሰምታ ኖሯል። "ለናንተም ይገባል። የእድሩን ዳኛ ዛሬውኑ አነጋግራለሁ። አያያዙንም መጥቼ አሳያችኋለሁ" አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ሲደርሱ ማጽናናት ብቻ አይደለም ሥራቸው። ሟቹ ሆስፒታሉ በር ከመድረሱ በፊት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ቢሮ ጠርተህ አታገኘውም። የጎሚስታው ቃሬዛም፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከእንዲህ ያለ ድንኳን የወጣ ነው፤ ባለ ጎሚስታው ታናሽ ወንድሙን የቀበረ ሰሞን።

አንድ ሽማግሌ ተነፈሱና "በቃ፣ ቀኑ ደርሶ ነው" አሉ። ድንኳኑ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ ስንት ሞት በዚህ ቃል ዘግቻለሁ።

ዶክተር ኢዮብ ቀና ሲል እኛን አየ። ደጅ የቆመውን የመኪናችንን ጽሑፍ አንብቧል፤ ማን እንደሆንን አውቋል። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር።

"ቀኑን ፈጣሪ ያውቃል አባባ" አለ። "እኛ ግን ደም አዘግይተንበታል። የደሙ ፍሪጅ ቁልፍ ያለው ሰው ወጥቶ ነበር። ተፈልጎ እስኪመጣ ልጁ ደከመብን። ይህ የኛ ጥፋት ነው፤ ይቅር በሉን። ቁልፉ ከዛሬ ጧት ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ተሰቅሏል፤ ማንም ይዞት አይወጣም።"

እንዴት እንደፈራሁለት! ከወዲህ ቤተሰቡ፣ ከወዲያ መዛኞቹ፤ ሆስፒታሉን ለዚህ ምዘና ለማድረስ የለፋበትን ሦስት ዓመት በገዛ አፉ የሚያፈርስ መሰለኝ። ሲስተር አይናለም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። አባባ ሞላ ንፍሯቸውን አገላበጡ።

"ወንድሙ አለ፤ ያ ነው" አሉ፤ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ ጎልማሳ አገጫቸውን ቀና አድርገው። "እሱም በዚሁ መንገድ ረዳት ሆኖ ይሠራል። እሱ ላይ እንዳይደገም። ሌላ የምለው የለኝም።"

ማክሰኞ፣ ምዘናው

በማግስቱ ሁሉንም አየን። ጎደሎ አላጣሁም፤ የራጅ ማሽኑ አርጅቷል፣ የኮሪደሩ መብራት ይጠፋል። ቁልፉ ግን በቀይ ክር ታስሮ ተሰቅሏል። ማንንም ሳላስጠነቅቅ "ደም አሁን!" ብዬ ጮህኩ፤ ጓንቴን አጥልቄ ሳልጨርስ ደሙ ፊቴ ቀረበ። ሰው ሲሞት ለምን እንደሞተ የሚያዩበትን ግምገማ ጠየቅሁ። ዶክተር ኢዮብ ቅዳሜ የሞተውን ልጅ ጉዳይ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም በተሰበሰቡበት አቀረበ፤ ድንኳን ውስጥ ካለው አንዲት ቃል አልቀነሰም።

ሲያበቃ ዶክተር ታምራት መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥፋት የሌለበት ሆስፒታል ብታሳዩኝ ኖሮ አላሳልፋችሁም ነበር። እንደዚያ ያለ ሆስፒታል አይቼ ስለማላውቅ" አሉ። "አልፋችኋል። ለላይኛው መንደር ቃሬዛ ይድረስ፤ ራጁን እኛ እንጮህላችኋለን።"

ሲስተር አይናለም እልል አለች። ወዲያው በሽተኞቹ ትዝ ሲሏት አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዋርዱ ግን አንዲት አሮጊት ምን እንደተገኘ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሏት። በነርስነቴ ብዙ ቀን ኮርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልኮራሁም። አገሬ ሰዎች አሏት አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤ ማን ይሰማኛል ሳልል።

ረቡዕ፣ መልስ

ስንመለስ ጋሽ ወርቁ ማንም ሳያዛቸው ጎሚስታው ቤት አቆሙ። ጎማቸው ምንም አልሆነም። ወርደው ቃሬዛውን፣ ማሰሪያውን፣ ለአንገት መደገፊያ የተጠቀለለውን ጋቢ ሲያዩ ቆዩና ባለ ጎሚስታውን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ተመለሱ። እስከ ጫንጮ ድረስ አላሾፉብኝም።

ጉለሌ ስንገባ ካፊያ ነበር። ጳውሎስ ጋ ወርጄ የቁስቋምን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፤ ለማሰብ ፈልጌ ነው። ለካ ሥርዓት ማለት ማሽንና ማህተም ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ከተቀመጥንበት ተነሥተን ቤቱ ድረስ ሄደን "የት ጋ አጣነው?" ብለን መጠየቅም ነው። መሄዱን አገሩ ድሮም ያውቅበታል፤ የጎደለው ጥያቄው ነበር።

ሰንበትበት ብሎ አንድ ቀን ተረኛ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር አይናለም ናት። ከዚያ መንገድ ስልክ ሲደወል እጄ ወደ ጓንት ነው የሚሄደው።

"ማንን ልትልኪልኝ ነው?" አልኳት።

"ማንንም። ትናንት ከላይኛው መንደር በታች አይሱዙ ተገልብጦ ሾፌሩን አመጡልን። በቃሬዛ ነው፣ አንገቱን ደግፈው፣ ታስሮ። ደሙ ወዲያው ደረሰ፤ ዶክተር ኢዮብ ማታውኑ ኦፕሬሽን አደረገው። አሁን ሰውየው ነቅቷል፤ ውኃ አምጡ እያለ ይሳደባል።"

"ማን አመጣው?"

"የሰፈሩ ሰው ነዋ። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዘው የዚያ የሟቹ ልጅ ወንድም ነው።"

ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል። ድንኳን ውስጥ ያለ ዓይነት ጫጫታ አይደለም፤ ሰው ይስቃል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መንደሩ በሙሉ ለጥየቃ መጥቷልኮ! አባባ ሞላ ሳይቀሩ። እስቲ ንገሪኝ ትርሲትዬ" አለች፣ "ይሄን ሁሉ ብርቱካን የት ላድርገው?"