ማማው ዝም ያለ ዕለት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሩዝ የማበቅል፣ ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጥሬ የቀረውን ራሴን ያስተማርሁ፣ በጎልማሳነቴ ማብቂያ ልቦለድ ልጽፍ የተነሳሁ ሰው። ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት። ሦስተኛዋ ልጄ ናት፤ ወረታ ትማር ነበር፣ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤትም መዝሙር የምትመራው እሷ ነበረች። አራተኛው ማሳችን የሚዋሰነው ጎረቤቴ ነው። አምስተኛዋ ሚስቱ ናት። ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ስለሆነች እኔና ባልዋ አበልጅ ነን። አበልጅ እንደ ወንድም ነው ይባላል። እኛም እንደ ወንድም ተደማምተናል።

ልቦለድ መጀመር ቀላል ነው፤ የጀመረ ሰው ሞልቷል። ስሜት ሲመጣልኝ እጽፋለሁ የሚል ሰው፣ ፎገራ ላይ ውኃው ሲደርቅ ሩዝ እዘራለሁ እንደሚል ገበሬ ነው። እኔም መሐል ላይ ደርሼ ሰነፍሁ። ስለዚህ ራሴን እንደ በሬ ጠመድሁት። ሩዝ ሲያሸት የግሪሳ ወፍ መንጋ ይወርዳልና ሰው ከንጋት እስከ ማታ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ቀኝ እግሬን በጠፍር ከማማው ምሰሶ ጋር አሰርሁ። አንድ ገጽ ሳይሞላ ጠፍሩ አይፈታም። እንቅልፍ ሲጥለኝ ወፍ በማባርርበት ጅራፍ እጀታ ጉልበቴን እመታ ነበር።

ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ አየችኝ።

«በሬ እንኳ ለምሳ ይፈታል» አለች።

«በሬ ልቦለድ አይጽፍም።»

«እሱማ ልብ አለው።»

ዘዴው ሠራ። ገጹ በየቀኑ ይሞላ ጀመር። ነገር ግን የወፍ ጥበቃ የጋራ ነው። አንዱ ማማ ጅራፍ ሲያጮኽ ሌላው ይቀበለዋል፤ መንጋው እየተገፋ ወደ ሐይቁ ዳር ይሄዳል። መሐል ላይ አንድ ማማ ዝም ካለ ግሪሳው እዚያ ያርፋል፤ የዚያን ሰው ማሳ ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የእኔ ማማ ዝም ማለት አበዛ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታግዘኝ ወጥታ «እሽ! እሽ!» ስትል ዓረፍተ ነገሬን ሰበረችብኝና ከለከልኋት። «ድምፅሽን ለቤተ ክርስቲያን አቆዪው» አልኋት።

አበልጄ ከማዶ ማማው ይጮኻል። «አበልጅ፣ ላንተ ቃል ሲመጣ ለእኔ ግሪሳ ይመጣል። አንዳቸውን አስቀርልኝ።»

«እየጠበቅሁ ነው።»

«ምኑን? ብዕሩን?»

ሰው ሲቀልድ ትዕግሥቱ ገና እንዳለ ምልክት ነው። አንድ ቀን መቀለዱን ተወ። ያንን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነበር። በልቦለዱ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው አንዱ ጩቤ መዝዟል፤ እጄ ከመጻፍ አልቆም አለ። ቀና ስል ሜዳው ጸጥ ብሏል። ፍሬ የያዘ ሩዝ አንገቱን ይደፋል፤ የተበላ ቀና ይላል። የእኔ ማሳ ግማሹ ቀና ብሏል። የአበልጄ ከዳር ጥቂት በቀር ሙሉውን ቀና ብሎ ቆሟል። እሱም ምሳር ይዞ ከማማዬ ሥር ቆሟል።

«ውረድ» አለኝ።

«ገጹን ልጨርስ።»

«ምን አልህ?»

«ሁለት መስመር ነው የቀረኝ።»

ምሰሶውን በምሳር ይመታው ጀመር። ማማው ተናጋ። ወንጭፌን አነሳሁ፤ ድንጋይ ነበረበት፤ ለወፍ ከምወረውረው አጠንክሬ ለቀቅሁት። አፉን አገኘው። ጥርሱን ከደም ጋር ተፍቶ መምታቱን ቀጠለ። ምሰሶው ሲሰበር እኔ ወደ አንድ ወገን ወደቅሁ፤ እግሬ በጠፍሩ እንደተያዘ ወደ ሌላ ወገን ቀረ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አበልጄ በላዬ ወደቀና በምሳሩ እጀታ ጎኔን ደበደበኝ። ጉሮሮውን አንቄ ጆሮውን ነከስሁት። ሚስቴ ደርሳ ጅራፉን አንስታ ጀርባውን ተለተለችው። ሚስቱ ደርሳ የሚስቴን ጠጉር ይዛ ጭቃው ውስጥ ደፈቀቻት። ልጄ መሐላችን ገብታ አንዴ እኔን፣ አንዴ የክርስትና እናቷን ትጎትታለች። ምሳሩን ነጥቃ ወደ ሩዙ ወረወረችው። ከዚያ በማጭድ ጠፍሩን ቆረጠችልኝ።

ወረታ ጤና ጣቢያ የወሰደን አንድ ባጃጅ ነው፤ ሌላ አልተገኘም። ጎን ለጎን ተጫንን። ደማችን ወለሉ ላይ ተቀላቀለ። መንገድ ላይ አበልጄ ባበጠ አፉ ጠየቀኝ።

«ጨረስኸው?»

«ምኑን?»

«ገጹን።»

«አልጨረስሁም።»

«ታዲያ እግርህን ማን ፈታው?»

«ልጅህ» አልሁት። የአበልጅ ልጅ እንደ ገዛ ልጅ ናት። ፊቱን አዞረ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልቦለድ ማለት ያልሆነ ነገር ነው አልኸኝ?»

«አዎ አባ። እንደሆነ ተደርጎ የሚጻፍ፣ ያልሆነ ነገር ነው።»

«ያልሆነ ነገር ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?»

እርቁ ተፈጸመ፤ ከሁለቱ ማሳ የተረፈው እስኪታጨድ በእኔ ቤተሰብ እንዲጠበቅ ተፈረደ። እኔ እግሬ ታስሮ ተኝቻለሁ፤ ሚስቴ እኔንና ከብቱን ይዛለች። ልጄ ትምህርቷን አቋርጣ በወሰኑ ላይ በቆመች አንዲት ማማ ወጣች፤ ለሁለት ማሳ አንዲት ሴት ልጅ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቦለዱ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቷ ከሜዳው እስከ አልጋዬ ይሰማል። እሷ ስትጮህ እጽፋለሁ፤ ስታቋርጥ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳለሁ። ቁርጠኝነት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ወጣት ራስህን እሰር እለው ነበር። አሁንም እላለሁ። ነገር ግን አንተ ታስረህ ሳለ ጅራፉን ማን እንደሚያጮኽልህ አስቀድመህ እወቅ እላለሁ።

የሆነው ሁሉ ሲደመር ያስከፈለን ይህ ነው። አበልጄን ሦስት ጥርስና የዓመት እህሉን። ሚስቱን ለሕክምናው የተሸጠችውን የምትታለብ ላም። ሚስቴን ለእኔ እግር የተሸጠችውን ጊደር፣ ከጭቃው ከወጣች ወዲህ የማይለቃትን የአንገት ሕመም። እኔን ቀኝ እግሬን፤ አነክሳለሁ። ልጄን የትምህርት ዓመቷንና ድምጿን። አጨዳው ሲያልቅ ድምጿ ጎርንኖ ነበር፤ ያርፍና ይመለሳል ብለን ነበር፤ አልተመለሰም። አሁን መዝሙሩን ሌላ ልጅ ትመራለች። የእኔ ልጅ ከኋላ ቆማ ከበሮ ትመታለች።