ሰባት ያሉን ስድስት

በጣቶቼ መቁጠር የቻልኩ ልጅ ሳለሁ፣ የእናቴ አጎት አባባ ተሰማ ከእራት በኋላ ፍሙ ዳር ተቀምጠው ዘራችንን ወደ ላይ ይቆጥሩልን ነበር። ያኔ ኩራዙ ጥግ ላይ ይጨሳል፣ እርጥቡ ባሕር ዛፍ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፣ እኛ ልጆች ግን ንቅንቅ አንልም፤ እያንዳንዱ ስም ከነተረቱ ነበራ የሚመጣው። አንዱ ነብር በቡጢ ገድሏል፤ መጨረሻ ላይ የምትጠራው ወለቴ ደግሞ ዳኛ ፊት ቆማ ባሏን ረትታለች። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ማወቅ ግድ ነው ይሉን ነበር። አንድ ምሽት ስም በተጠራ ቁጥር ጣት ሳጥፍ፣ ሰባተኛዋ ጣቴ ሳትታጠፍ ቀረች።

«አባባ፣ ስድስት ነው እኮ!»

«ሰባት ነው።»

«የወለቴ እናትስ?»

«እሷማ የቤት ሰው ናት።»

«የቤት ሰው ስም የላትም?»

«አንቺ ምላሳም! ይልቅ እሳቱን ቆስቁሺ!»

ሁሉም ሳቁብኝ። ቆሰቆስኩ። «የቤት ሰው» ያሏት በገንዘብ የተገዛች ሴት መሆኗ የገባኝ አድጌ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ለብቻዬ ሳገላብጥ ነው።

እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ውስጥ፣ ሚስ ዶሪን የምትባል ጎረቤት አለችኝ። የትውልድ ከተማዋ ካሪቢያን ባሕር ዳር ናት። የከተማዋን ታሪክና የራሷን ዘር ስለምትፈልግ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ እወስዳታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የቅድመ አያቶቿ ጌታ ያስጻፈው የንብረት ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ ወጣላት። ፈረሱ በስሙ ተጽፏል። ከፈረሱ ሥር «አንዲት ሴት፣ ወጥ ሠሪ» ይላል። በቃ።

«ፈረሱ እንኳ ስም አለው!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ «እናንተ ታድላችኋል፤ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ ብለሽኝ የለ?» አለችኝ።

ፊቴ ነደደ። መኪናዬን ቤት ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ እትዬ በላይነሽን ኮል አደረግኩ። የአባባ ተሰማ ልጅ ናቸው፤ ያንን ቆጠራ የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ የቀረ የለም።

«እትዬ፣ የወለቴ እናት ስም ማን ነበር?»

«ውይ! የልጅሽ ሠርግ ደርሶ ይሄን ታነሺያለሽ? የወንዱ ወገን ቢሰማስ?»

«ይስማ!»

«ስሟ ከእኔ ጋር ይቀበራል!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ያውቁታል ማለት ነው! የዶሪንን ሴት ስም የነፈጋት የገዛት ሰውዬ ነው፤ ከእሱ ምን ይጠበቃል? የእኔዋን ስም የዋጡት ግን ከማሕፀኗ የወጡት ናቸው፤ እሷን ዘለው ነው በዘራቸው የሚኮፈሱት።

ማታ ልጄን አስቀምጬ ቆጠርኩላት። ሰባተኛዋ ጣት ላይ ስደርስ «እዚህ ጋ አንዲት ሴት አለች» አልኳት።

«ኦኬ ማሚ፣ ሶ ስሟ ማነው?»

«እትዬ በላይነሽ ያውቁታል። እኔን እምቢ ብለውኛል፤ አንቺ ሙሽራዪቱ ጠይቂያቸው።»

ከዚያ ፍም ዳር አብሮኝ የኖረው ነብር ገዳዩ አይደለም፤ ያልታጠፈችው ጣቴ ናት። ልጄ ስልኩን አንስታ «ሃሎ፣ እትዬ?» ስትል ሰማሁ። እሳቱን ቆስቁሺ ብለውኝ አልነበር? ይኸው፣ አባባ።