ሞታለች የተባለችው ውሻዬ

ውሻዋን የሰጠኝ የደን ቡና ሊያጠና መጥቶ ሁለት ዓመት ቦንጋ የተቀመጠ ፈረንጅ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት መሄድ አልቻለም፤ ከቢሯችን ሰው ሁሉ እኔን መርጦ በካርቶን አድርጎ አመጣልኝ። ቴሪየር የሚባል፣ አይጥና ፍልፈል የሚያድን ትንሽ ዝርያ ናት። ከድመት ብዙም አትበልጥም፤ ፀጉሯ ነጭና ሻካራ፣ አገጯ ላይ እንደ ፍየል ጢም አላት። ይዣት ስወጣ ባለ ባጃጆቹ ፍጥነት ቀንሰው፣ “እህት፣ ግልገል ነው ውሻ?” ይሉኝ ነበር።

አከራዬ ግን አልሳቁም። “ውሻ ያደረበት ቤት መልአክ አይገባም” አሉኝ። በሳምንቱ ደግሞ ውሻዬ የጎደሬ መደባቸውን ቆፍራ አተረማመሰችው። “ወይ እሷን አስተምሪ ወይ ቤቴን ልቀቂ” ሲሉኝ ሥልጠናው ተጀመረ።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ የተቀቀለ ጉበት በትንንሹ እየቆረጥኩ “ተቀመጪ” እላታለሁ። እኔን ታያለች፣ ጉበቱን ታያለች፣ ዞራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ተናድጄ በጫማ መታኋት። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ ከዚያ በኋላ እጄን አንስቼባት አላውቅም። ቁፋሮውን መከልከል እንደማልችል ሲገባኝ፣ ከአጥሩ ጥግ አፈር አልስልሼ አጥንት ቀበርኩላት። በሦስተኛው ሳምንት ጎደሬውን ተወችው፤ “ተቀመጪ” ስላትም መቀመጥ ጀመረች። የበቆሎ ጎተራው ውስጥ አይጥ መያዝ ስትጀምር ደግሞ አከራዬ ራሳቸው ይጠሯት ጀመር።

ሰው ሲመጣ መጮኋን ግን ለብቻዬ ላስተዋት አልቻልኩም፤ ለዚያ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጓደኛዬ ሆነች። ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ውሻ ትፈራ ነበር። ቢሆንም ከሥራ በኋላ እየመጣች ታንኳኳለች፣ ውሻዋ ዝም እስክትል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጉበት ትሰጣታለች። በወሩ ውሻዬ የእሷን እርምጃ ከሩቅ እየለየች በሩ ሥር ትቁነጠነጥ ጀመር። ሁለቱን ያፋቀርኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ለእንቅርት ኦፕሬሽን ጅማ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት እህቴ ዘንድ አገገምኩ። ቁልፌንም ውሻዬንም ለጓደኛዬ ትቼ ነበር። በየቀኑ እደውላለሁ።

“እንዴት ናት?”

“በልታ ተኝታለች። አንቺ ለራስሽ አስቢ።”

አንገቴን እንደታሰርኩ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ጓደኛዬ እያለቀሰች መጣች። “ባጃጅ ገጫት። ታመሻል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። እኛ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርኳት።” ትንሰቀሰቅ ስለነበር አቅፌ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። “በቃ፣ ጥፋትሽ አይደለም” አልኳት፤ ድምፄ ገና አልተመለሰም ነበር። ከዚያ ወዲህ እነሱ ቤት በሄድኩ ቁጥር እንሰቱ ሥር ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

በዚያው ሰሞን አምስት ዓመት ደካ በምትባል ራቅ ያለች ከተማ የሠራው ባሏ ወደ ቦንጋ ተዛወረ። እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ደስታቸውን ተካፈልኩ።

በሁለተኛው ወር ለመስክ ሥራ ደካ ሄድኩ። ፊርማቸውን የምፈልገው ኃላፊ አሟቸው ቤት ስለዋሉ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የግቢውን በር እንደከፈትኩ አንዲት ነጭ ውሻ አፈር ስትቆፍር አየሁ። ምላሴ ቀድሞኝ “ተቀመጪ” አልኩ። ተቀመጠች። ወዲያው ግን መቀመጡ አላስቻላትም፤ ዘላ ደረቴ ላይ ወጣች፣ እያለቃቀሰች ፊቴን ላሰችኝ።

የኃላፊው ባለቤት ከበረንዳው ሆነው፣ “ያውቋታል እንዴ?” አሉኝ።

“የእኔ ናት።”

“ኧረ ከቦንጋ የመጣችልን ስጦታ ናት! ባሏ እዚህ ይሠራ የነበረ አንዲት ሴት፣ ራሷ በሚኒባስ ይዛት መጥታ ለልጆቻችሁ ብላ ሰጠችን። ‘ትእዛዝ የምትሰማው እኔ አስተምሬያት ነው’ ብላናለች።”

ወረቀቱ እጄ ላይ ተጨማደደ። ሴትዮዋ እኔን አዩ፣ ውሻዋን አዩ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ገመድ ይዘው ወጡ። “ይውሰዷት። የሰው ዕንባ ያለበት ነገር ከቤቴ እንዲውል አልፈልግም” አሉ። ባላቸው ውስጥ ሆነው ሲያስሉ ይሰማኛል፤ ብቅ አላሉም። ውሻዬን ይዤ ቦንጋ ተመለስኩ፤ ፊርማውን በሌላ ቀን ሌላ ሰው ሄዶ አስፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ፣ “እንሰቱ ሥር የቀበርሽው ማንን ነው?” አልኳት።

ቁጭ አለች። “አምስት ዓመት ልጆቼን ያለ አባት አሳደግኩ” አለች። “ማመልከቻ ጽፈን ጽፈን ደከመን። ዝውውሩን የሚፈርሙት ኃላፊ ቤት ልለምን ስሄድ፣ ልጆቻቸው ስልኬ ላይ የውሻዋን ፎቶ አይተው ወደዷት። ምን ላድርግ?”

“አትጠይቂኝም ነበር?”

“ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?”

“አልሰጥሽም ነበር።”

“አየሽ?”

“እምቢ ማለቱ የእኔ ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።”

“ውሻ እኮ ናት!” አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ከኮሪደሩ ሰው ብቅ አለ። ውሻ መሆኗን አላጣሁትም። ያቃጠለኝ የጓደኛዬ ዕንባ ነው። ያን ቀን እቅፌ ውስጥ ትንቀጠቀጥ የነበረው ከልቧ ነበር ወይስ አልነበረም? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ባሏ ሁለት ሽማግሌዎች ላከ። አንዱ “ለውሻ ብሎ ሰው ይጣላል?” ብለው ጀመሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን “ይቅር በያት” ወደ ማለት ዞሩ። ለክርስትና ልጄ ስል ይቅር ብያለሁ አልኩ። ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ሳምኳት።

አሁንም ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሰላምታ አላቋረጥንም። ግን ዝናብ ጀመረ ብትለኝ እንኳ፣ በመስኮት ሳላይ አላምናትም።