ከደጃፋችን የተነቀለው ቀይ ድንጋይ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

እሳቸው ቀይ ድንጋይ አይተው አያልፉም ነበር። ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስንመለስ ከበቅሏቸው ይወርዱና አንስተው በመዳፋቸው ይመዝኑታል። ከኪሳቸው የማትጠፋ ነጭ የስኒ ስባሪ ነበረቻቸው፤ ድንጋዩን እሷ ላይ ይጭሩታል። ጭረቱ እንደ ዝገት ከቀላ፣ «ብረት አለው» ይላሉ።

አንድ ቀን ከቦርከና ወንዝ ዳር ትልቅ ቀይ ድንጋይ በበቅሎ ጭነው መጡ። «ኮቱ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ነይ እዪ!» ድንጋዩ ንብርብር ነው፤ በአንድ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የቀንድ አውጣ ዛጎሎች አብረው ደንድነዋል። «ይኼ ጭቃ ነበር፣ ልጄ። ውሃ ተኝቶበት ነበር። ወላሂ፣ እነዚህ እዚያ ውስጥ ኖረዋል።» ደጃፋችን ላይ ተከሉት። ዛጎሎቹ ሲረጥቡ ጎልተው ስለሚታዩ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ምሳቸውን ትተው ይወጡ ነበር።

የቀብራቸው ዕለት እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። ወደ ደጅ ብቅ ስል ድንጋዩ የለም። ወንድሜ ከቀብር ሲመለስ ጠየቅኩት።

«ለመቃብሩ ወሰድነው። ከባድ ስለሆነ ጅብ አይገለብጠውም።»

«ዛጎሉ ወዴት ዞረ? ወደ ላይ ነው ወደ አፈር?»

«የምን ዛጎል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሄጄ ገልብጬ እንዳላይ፣ የመቃብር ድንጋይ አይነካም ይሉኛል።

ትናንት ዘነበ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ድንጋዩ የተነቀለበት ጉድጓድ ውሃ ተኝቶበታል።