በላጲስ የተፋቀ አንደኝነት

ባለፈው ሰመር የልጄ ባል ከዘመዶቹ ጋር ሊያስተዋውቀን ቻይና ይዞን ሄደ። በትውልድ ከተማው ጥንት የኮንፊሺየስ ቤተ መቅደስ የነበረ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ ግቢ አለ። ያረጀ ጽድና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። አንዱ አዳራሽ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ በነገሥታቱ ዘመን የሹመት ፈተና ያለፉ ሰዎች ስም በየደረጃቸው ተቀርጾባቸዋል። ሌላው ፎቶ ሲያነሳ እኔ የስድስተኛ ክፍል ካርዴ ትዝ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

የእኛ ዘመን ሰው ሰኔ ሠላሳን ያውቃል። ዝናብ የጠጣ ሣር፣ የታጠበ ዩኒፎርም፣ ሜዳው ላይ የተሰበሰበ ወላጅ። የእኛ ከተማ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ አያልፍም ነበር። አባቴ አንደኛ ከወጣሁ ደሴ አክስቴ ጋ ሊልከኝ ቃል ገብቶልኛል። የየትምህርቱን ውጤት ራሴ ደምሬዋለሁ፤ የሚበልጠኝ አልነበረም። ስም ሲጠራ ግን አንደኛ የተባለችው የዳይሬክተሩ የእህት ልጅ ናት። ካርዴ ላይ ደረጃ የሚለው ቦታ በላጲስ ተፍቆ ሳስቷል፤ ከተጻፈው «2» ሥር የ«1» እግር ይታያል። አባቴ እቤት ስንገባ ወደ መስኮቱ ይዞ አየውና «መምህር አይሳሳትም» አለ። ሁለት ዓመት እቤት ዋልኩ፣ ሰባተኛ ክፍል እኛ ከተማ እስኪከፈት።

ከዚያ ወዲህ ለባሌም ለልጆቼም ሁለተኛ ነበርኩ እያልኩ ኖርኩ። ማስረጃ የሌለው ሰው ሲከራከር ቀናተኛ ይባላል።

ድንጋዮቹ ፊት የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጄ ሊያ እጄን ሳብ አደረገች።

«አያዬ፣ አንቺስ ስንተኛ ነበርሽ?»

«አንደኛ።»

ልጄ ዞር አለች። «እማዬ፣ ሁለተኛ አልነበርሽም እንዴ?»

«አንደኛ ነበርኩ። ሁለተኛ ያደረገኝ መምህሩ ነው።» እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሊያ ግንባሯን ቋጠረች። «ሲሪየስሊ? ለቲቸሩ ኢሜል አላደረግሽለትም?»

ልጄ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ይቺ ልጅ አምና፣ በስደት በምንኖርባት ኦሮራ ከተማ፣ ትምህርት ቤቷ ግማሽ ነጥብ ጎደለብኝ ብላ ለአስተማሪዋ ጽፋ አስመልሳለች። እኔን እናቴ ያሳደገችኝ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው። ዝንብስ አልገባም፤ እውነቱም አልወጣም።

መምህሩ ሞቷል፤ አላለቀስኩም። የዳይሬክተሩ የእህት ልጅ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ሞንትቤሎ ሰፈር ትኖራለች። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ የአገር ልጅ በተሰበሰበበት «እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ነበርን» ትላለች። እስከ ዛሬ ፈገግ ብዬ አልፌያታለሁ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ትልቅ ሰው እፈራ ነበር። አሁን ትልቁ ሰው እኔ ነኝ። ይህንን እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ታንብበው። ደግሞም አትቀየመኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነበረች። ሁለተኛ መውጣት አያሳፍርም።